«የበላህበትን ወጪት ሰባሪ» ተባልሁ

ጥያቄ

«በሰሜን ሸዋ ከሚገኙት ወረዳዎች በአንዱ፣ በኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት በባለሙያነት እሠራለሁ። ሰሞኑን ከበላይ አካል አቅጣጫ ተቀምጧል ተብሎ ጦርነቱ አማራጭ የሌለው መሆኑን የሚያስረዳ የውይይት መነሻ ሰነድ እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። በሰነዱ እንዲገባ የተሰጠኝ ዋና ማስረጃ በአንድ ቀበሌ ተፈጸመ የተባለ ጥቃት ነው። እኔ እስከማውቀው ነገሩ በግጦሽ የተነሣ ጠብ ነበር። ሁለት ሰው ቆስሎ፣ የተነዳው ከብት ተመልሶ፣ ሽማግሌ ገብቶበት በእርቅ አልቋል። በረቂቁ ግን “የተቀነባበረ ወረራ” ሆኗል። ሕዝባዊ መድረኩ ገና ሳይጠራም የአገር ሽማግሌዎች የሚያነቡትን የአቋም መግለጫ አብሬ እንዳዘጋጅ ተነግሮኛል። ቅሬታዬን ለኃላፊዬ ባነሣ “የበላህበትን ወጪት ሰባሪ!” አሉኝ። እኒህ ሰው ሥራ ያስገቡኝ፣ እናቴ በታመመች ጊዜ መኪና ፈልገው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ያደረሱልኝ ናቸው። እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ይጽፈዋል። ሦስት ልጆች አሉኝ። ታማኝነቴን ልጠብቅ ወይስ ኅሊናዬን?»

መልስ

ወንድማችን፣ ወረዳዎን፣ ቀበሌውንና የትኛው ጦርነት እንደሆነ የሚጠቁመውን ሁሉ ከደብዳቤዎ አውጥተናል። ከእንግዲህ ጉዳዩን ለማንም ሲያማክሩ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

ከጥያቄዎ መጨረሻ እንነሣ። ኃላፊዎ ከእርስዎ በታማኝነት ስም ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እውነቱን ከማንም አስቀድመው፣ ለብቻቸው ሲሆኑ፣ ከዚያም በጽሑፍ መስማት። ይህን ካደረጉላቸው የታማኝነት ዕዳዎን ከፍለዋል። ሐሰት መሆኑን በሚያውቁት ዐረፍተ ነገር ሥር መፈረም ግን የማንም ውለታ ሊያስጠይቅዎ የሚችል ነገር አይደለም። ለእናትዎ የተደረገው ውለታ እውነተኛ ነው። ሲታመሙ እየጠየቁ፣ ልጃቸው ሲዳር እየቆሙ፣ በክፉ ቀናቸው እየደረሱ ይመልሱላቸው። የሌላ ሰው ልጅ በሚዘምትበት ሰነድ አይመለስም። ደመወዝዎም ከገበሬውና ከነጋዴው ግብር የሚከፈል ነውና፣ የበሉበት ወጪት የማን ነው ከተባለ ያ መድረክ ላይ ተሰብስቦ የሚያዳምጥዎ ሕዝብ ነው።

አሁን ወደ ረቂቁ። ከማንም ጋር ከመከራከርዎ በፊት አትመው ይቀመጡና በየዐረፍተ ነገሩ ጎን ከአራቱ አንዱን ይጻፉ፤ ታይቷል፣ ተሰምቷል፣ ተገምቷል፣ ታዝዟል። «ታይቷል» ላሉት ማን እንዳየ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሆነ፣ የፖሊስ የምርመራ መዝገብ መኖሩን፣ ቁስለኞቹ የታከሙበት ጤና ጣቢያ ካርድ መኖሩን፣ የእርቁ ስምምነት ተጽፎ ከሆነም ወረቀቱ ከማን ዘንድ እንደተቀመጠ ያጣሩ። «ተሰምቷል» ላሉት መጀመሪያ የሰማውን ሰው ይፈልጉ፤ ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን አይደለም። «ታዝዟል» የሚለው ምልክት ደግሞ ከመመሪያው በቀር ምንጭ ለሌለው ዐረፍተ ነገር ነው። እነዚህን ቆጥረው ለኃላፊዎ ቢያሳዩ ክርክሩ ስለ እርስዎ ጠባይ መሆኑ ቀርቶ ስለ ወረቀቱ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ሰነድ የሚበላሸው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ትልቅ ውሸት ስለፈጠረ ብቻ አይደለም። የቀበሌው ሪፖርት «ነዋሪዎች እንዲህ ይላሉ» ብሎ ይጀምራል። ወረዳ ላይ «እንደተገለጸው» ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ «ተረጋግጧል»። እያንዳንዱ ጸሐፊ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚለውጠው፤ መጨረሻ ላይ ግን የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ የራሱን ሪፖርት አያውቀውም። የታላላቅ መንግሥታት ወረቀትም በዚሁ መንገድ ነው የተበላሸው። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2002 ባወጣው ሰነድ ኢራቅ የኬሚካልና የባዮሎጂ መሣሪያዎቿን በ45 ደቂቃ ውስጥ ማሰማራት ትችላለች አለ። መረጃው ስለ ጦር ሜዳ ተተኳሾች እንጂ ስለ ረጅም ርቀት ሚሳይል አልነበረም፤ ያ ማብራሪያ ግን በሰነዱ ውስጥ የለም። ኢራቅ ተንቀሳቃሽ የባዮሎጂ መሣሪያ ማምረቻ አላት የተባለው ክስም በዋናነት የተመሠረተው «ከርቭቦል» በሚል የምስጢር ስም በሚታወቅ፣ ጀርመን በተጠጋ አንድ ኢራቃዊ ቃል ላይ ነበር። አሜሪካና እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢራቅን ከመውረራቸው በፊት አሜሪካኖቹ ሰውየውን ራሳቸው ቁጭ አድርገው አልጠየቁትም። እ.ኤ.አ. በ2011 መዋሸቱን በራሱ አንደበት ተናገረ።

የእርስዎን ጉዳይ በሚመለከት ቢያንስ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦ «በዚህ ቀን በግጦሽ ምክንያት በተነሣ ጠብ ሁለት ሰዎች ቆስለዋል። የተወሰዱት ከብቶች ተመልሰዋል። ጉዳዩ በሽማግሌዎች በእርቅ ተዘግቷል። ጠቡ በሌላ አካል የተቀነባበረ ስለመሆኑ ጽሕፈት ቤቱ ማስረጃ የለውም።» መጀመሪያ የሚሰረዘው አራተኛው ዐረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ እሱን ከዚህ በታች በምንገልጸው ማስታወሻ ላይ ደግመው ያስፍሩት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አሁን፣ በረቂቅ ላይ እያለ፣ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ከራሳችን ታሪክ ማየት ይቻላል። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ በወልወል የውሃ ጉድጓዶች አጠገብ ግጭት ተነሣ። ኢጣልያ ያንን ይዛ ካሳና ይቅርታ ጠየቀች፣ ጦሯንም ማጓጓዝ ቀጠለች። ጉዳዩን እንዲያይ የተቋቋመው የግልግል ኮሚሽን ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ሁለቱንም ወገን ተጠያቂ አላደረገም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። የጉድጓዱ ጠብ አንዴ የጦርነት መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ እውነቱ ቢወሰንም ያቆመው ነገር የለም። የእርስዎ የግጦሽ ጠብ ገና መዝገቡ ውስጥ አልገባም።

ስለ ሕጉ ማወቅ የሚገባዎ ጥቂት ነው፤ ግን በቁጥሩ ይያዙት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 መሠረት ጦርነት የሚታወጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ስለ ሠፈሩ የሚያውቀውን መናገር ይችላል፤ ጦርነት «አማራጭ የለውም» ብሎ የመወሰን ሥልጣን ግን የለውም። አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 6 ደግሞ የጦርነት ቅስቀሳዎች በሕግ የሚከለከሉ እንደሆኑ ይናገራል። ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰት መሆኑን እያወቀ ግጭት ሊቀሰቅስ የሚችል መረጃ የሚያሰራጭን ሰው የሚመለከት ነው። «ታዝዤ ነው» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 74 ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመውን የበታች ሠራተኛም ተጠያቂ ያደርጋል። እነዚህን ቁጥሮች ስብሰባ ላይ እንደ ድንጋይ አይወርውሯቸው። ኃላፊዎ ራሳቸው ከላይ ሲጠየቁ የሚመልሱት እንዲያገኙ፣ ማስታወሻው ላይ በአንድ መሥመር ያስቀምጡላቸው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን። መጀመሪያ ኃላፊዎን ብቻቸውን ያግኟቸው፤ ግምገማ ላይ፣ በሰው ፊት አይደለም። በሰው ፊት የተነገራቸው ባለሥልጣን ሐሳብዎን ከመመዘን ይልቅ ክብራቸውን ይጠብቃሉ፤ የሂስና ግለሂስ መድረክ ደግሞ ለዚህ ነገር ከሁሉ የከፋው ቦታ ነው። «ጋሼ፣ ይህ ሰነድ ነገ ቢጣራ መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፤ ያለኝን ላሳይዎት» ብለው ይጀምሩ። እውነትም ነውና ይበሉት። ምልክት ያደረጉበትን ረቂቅ ያሳዩአቸው፣ ሊጻፍ የሚችለውን እውነተኛ ሰነድም አዘጋጅተው ይያዙ። ባዶ እጁን እምቢ የሚል ባለሙያና አማራጭ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ እኩል አይታዩም። እሳቸውም ከላይ የተጫነባቸው እንደሆነ አይርሱ። ብዙ ኃላፊዎች እንዲህ ያለውን ረቂቅ የሚገፉት አምነውበት ሳይሆን የበታቾቻቸው ዝም ስላሉ ነው።

ካልተቀበሉ፣ ሰነዱ ወጪ ሆኖ ከመላኩ በፊት የአንድ ገጽ የውስጥ ማስታወሻ ያስገቡ። በመጀመሪያው አንቀጽ ምን እንደታዘዙና በምን ቀን እንደታዘዙ ይጻፉ። በሁለተኛው የትኞቹ ዐረፍተ ነገሮች ማስረጃ እንደሌላቸውና ያሉት ማስረጃዎች ምን እንደሚሉ። በሦስተኛው «እነዚህ ነጥቦች ካልተስተካከሉ በስሜና በፊርማዬ ለማቅረብ ሙያዊ ኃላፊነቴ አይፈቅድልኝም» ይበሉ። «ውሸት»፣ «ቅጥፈት»፣ «ሴራ» የሚሉ ቃላት አይግቡበት። ስለ ጦርነቱ ፖለቲካም አንድ መሥመር አይጻፉ፤ ያን ጊዜ ማስታወሻው የሙያ መሆኑ ቀርቶ የአቋም ወረቀት ይሆንና በሌላ ስም ያስከስስዎታል። በመዝገብ ቤት በኩል ቁጥርና ቀን አስይዘው ያስገቡ፣ በቅጂው ላይ «ደርሶኛል» የሚል ፊርማ ያስፍሩበት። ቤትዎ የሚቀመጠው ይህ የራስዎ ማስታወሻ ቅጂ ብቻ ይሁን።

ረቂቁን በስልክ አንሥተው በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ መልቀቅ ሊፈትንዎት ይችላል። አያድርጉት። የመንግሥት ሰነድ ማውጣት በራሱ ያስከስሳል፤ አንዴ ከወጣም በጦርነቱ በሁለቱም ጎን ያሉ ሰዎች የፈለጉትን ቆርጠው ይቀጥሉበታል፣ እርቁን ያደረጉት ሽማግሌዎችም ስማቸው አደባባይ ይወጣል። እንግሊዛዊቷ የስለላ መሥሪያ ቤት ተርጓሚ ካትሪን ገን እ.ኤ.አ. በ2003 ከኢራቅ ጦርነት በፊት በጸጥታው ምክር ቤት አባላት ላይ ሊደረግ የታሰበውን ስለላ የሚያሳይ መልእክት አውጥታ ተከሰሰች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ አላቀርብም ስላለ ነጻ ወጣች። ያ የሆነው ጠበቆችና ነጻ ጋዜጦች ከጎኗ በቆሙበት አገር ነው። በአካባቢዎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካለ ደግሞ ክልከላዎቹን አስቀድመው ያንብቡ። በሰላሙ ጊዜ በቃል የሚታለፍ ነገር ያን ጊዜ ያሳስራል።

የአቋም መግለጫው ከሰነዱ ይልቅ የሚያሳስበን ነው። ሽማግሌ ያላለውን እንዳለ አድርጎ ማስነበብ የጽሕፈት ቤትዎን እምነት ብቻ አይደለም የሚያጠፋው። በሚቀጥለው ጠብ መሐል ገብቶ የሚያስታርቀውን ሰውም ያሳጣል፤ ያቺን የግጦሽ ጠብ ያበረዱት ሰዎች ነገ «ያኔ ዝመቱ ያላችሁ እናንተ አይደላችሁም?» ሲባሉ ምን ይመልሳሉ? ስለዚህ አስቀድመው አይጻፉ። ለመድረኩ አራት ወይም አምስት ጥያቄ ያዘጋጁ፦ ምን ጉዳት ደረሰ፣ ማን አደረሰው፣ በሽማግሌ ያለቀውና ያላለቀው ምንድን ነው፣ ከመንግሥት ምን ትፈልጋላችሁ። የተባለውን ሁሉ፣ የተቃወመውንም ጨምሮ፣ በቃለ ጉባኤ ይያዙ። መግለጫ የሚያስፈልግ ከሆነ ከቃለ ጉባኤው ይውጣ፣ ተነቦላቸውም ይፈርሙ። ባልተገኘ ሰው ስም ዝርዝር ሥር ፊርማ ማስገባት ከቶ አይሞከርም። ደግሞም የሰሜን ሸዋ ሰው የሽምግልናን ዋጋ ሊነገረው አይገባም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ጦራቸውን ይዘው ሸዋ ገብተው፣ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ሊዋጉ በተቃረቡበት ጊዜ፣ በመካከል መልእክተኞችና ካህናት ተመላልሰው ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው ልቼ በስሟ የተጠራው ስምምነት ተደረገ። ምኒልክ የዐፄ ዮሐንስን የበላይነት ተቀብለው የሸዋ ንጉሥ ሆነው ቀሩ፤ ጦሩም ሳይዋጋ ተመለሰ። ካህናቱ ለየጌቶቻቸው ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ይዘው ቢመላለሱ ኖሮ ያ እርቅ አይደረግም ነበር።

«እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ይጽፈዋል» ብለዋል። ምናልባት ይጽፈዋል። አይጽፈውም ብለን አናባብልዎትም። የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሁለት የሕግ ሰዎች ግን ይታሰቡን። ዋናው የሕግ አማካሪ ማይክል ዉድ እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 2003 ለሚኒስትሩ ለጃክ ስትሮ ያለ ጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ በኢራቅ ላይ ኃይል መጠቀም የወረራ ወንጀል እንደሚሆን ጻፉላቸው። ሚኒስትሩ ምክሩን እንዳልተቀበሉት በጽሑፍ መለሱ። ዉድ በሥራቸው ቆዩ። ምክትላቸው ኤልዛቤት ዊልምስኸርስት ያንኑ አቋም ይዘው፣ ጦርነቱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከ30 ዓመት ገደማ አገልግሎት በኋላ በአጭር ደብዳቤ ለቀቁ። ጦርነቱ አልቀረም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለቱም የኢራቅን ጦርነት በመረመረው በቺልኮት አጣሪ ኮሚሽን ፊት ሲቀርቡ ወረቀቶቻቸው ቀንና ፊርማ ነበራቸው፤ «ማንም አልነገረንም» ማለት የተቻለው ባለሥልጣን አልነበረም። አንዱ ቆይቶ አንዷ ለቀዋል፤ ሁለቱም ግን የማያምኑበትን አልፈረሙም። እኛ የምንመዝነው በዚህ ነው።

ጊዜው ደግሞ ብዙ ነው የሚለውጠው። የእንግሊዝ ሚኒስትር የነበሩት ሮቢን ኩክ እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 2003 የኢራቅ ጦርነት ሳይጀመር ከካቢኔው ወጡ፤ ንግግራቸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሌላዋ ሚኒስትር ክሌር ሾርት ግን አስቀድመው በአደባባይ ከተቃወሙ በኋላ ቆይተው፣ ባግዳድ ከወደቀች በኋላ በግንቦት ለቀቁ፤ ያን ጊዜ የሰማቸው ጥቂት ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኮሊን ፓወል እ.ኤ.አ. የካቲት 5 ቀን 2003 ስለ ኢራቅ በጸጥታው ምክር ቤት ለተናገሩት ንግግር የራሳቸው መሥሪያ ቤት ተንታኞች ብዙ ነጥቦችን ደካማ ብለው ምልክት አድርገውባቸው ነበር። ብዙዎቹ ወጡ፣ አንዳንዶቹ ቀሩ፤ የቀሩት በታሪካቸው ላይ እንደ ጠባሳ እንደሚኖሩ ኋላ ራሳቸው ተናገሩ። ምልክት ያደረጉት የበታች ሠራተኞች ሥራቸውን ሠርተዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ራስዎን ይጠይቁ። ተቃውሞዎ የመጣው ከማስረጃው ነው ወይስ ከዚያ ወገን ዘመድ ስላለዎት፣ ወይም ኃላፊዎችዎ ስለሰለቹዎት? ተመሳሳይ ደካማ ማስረጃ እርስዎ የሚደግፉትን ነገር ቢደግፍ ያልፉት ነበር? ያልፉት ከነበረ ማስታወሻውን ከመጻፍዎ በፊት ጥቂት ቀን ይቆዩ። ለጦርነት የሚቀርብ ምክንያት ሁሉ ሐሰት አይደለምና። ምኒልክ የውጫሌን ውል በ1885 ዓ.ም. ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት በደብዳቤ ሲያስታውቁ፣ ያቀረቡት ምክንያት የውሉን ሁለት ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንም የሚያጣራው ነበር። የክተት አዋጁ የመጣው ከዚያ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የእርስዎም ጽሕፈት ቤት እንዲህ ሊጣራ የሚችል ነገር ካለው ይጻፈው፣ እርስዎም ይፈርሙ።

ማስታወሻዎ ከገባ በኋላ ጽሑፍዎ ተስተካክሎ ከወጣ፣ ወይም ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ ስምዎ ከሰነዱ ከተሰረዘ፣ ቢቆዩ ይሻላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አንድ የሚያጣራ ሰው መኖሩ ለሕዝቡ ይጠቅማል። ማስታወሻዎ ተጥሎ ስምዎ ግን በሰነዱ ላይ ከቀረ፣ ወይም ሰዎችን በስም የሚያስፈርጅ ጽሑፍ ካዘዙዎት፣ መውጫው ጊዜ ያ ነው። መጀመሪያ ዝውውር ይጠይቁ፤ ትምህርት ወይም ግብርና ጽሕፈት ቤት ክፍት መደብ እንዳለ አስቀድመው ያጣሩ። ካልሆነ መልቀቂያ ያስገቡ። ስለ ቅድመ ማስታወቂያ ጊዜው የክልሉን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ከሰው ሀብት ክፍል ተቀብለው ያንብቡ። ምክንያቱን በግልጽ መጻፍ የሚያስፈራ ሁኔታ ካለ «በግል ጉዳይ» ቢሉ አናወግዝዎትም፤ እውነተኛው ምክንያት ማስታወሻው ላይ ሰፍሯል። የእጅዎን ንብረት፣ ካሜራውን፣ ላፕቶፑን፣ ሞተር ሳይክሉን በርክክብ ቅጽ ሳያስረክቡ ግን አይውጡ። ክሊራንስና የሥራ ልምድ ደብዳቤዎን ይያዙ። ተናዶ ጥሎ የወጣ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው በአቋሙ ሳይሆን በጎደለ ንብረት ነው። የጡረታ መዋጮዎ በትክክል መመዝገቡንም ገና በሥራ ላይ እያሉ ያጣሩ።

የንስሐ አባት ካለዎት ጉዳዩን ለእሳቸው ይንገሩ፤ ሰነዱን ግን አያሳዩዋቸው፣ ያልፈለጉት ሸክም ይሆንባቸዋል። ለባለቤትዎ ደግሞ ማስታወሻውን ከማስገባትዎ በፊት መንገር አለብዎት። የቅጂው ቦታ የት እንደሆነ፣ እርስዎ ማታ ሳይመለሱ ቢቀሩ ለማን እንደሚደወል፣ የትኛውን ጠበቃ እንደሚያነጋግሩ ይወቁ። ከሠራተኞች ብድርና ቁጠባ ማኅበር የወሰዱት ገንዘብ ካለ የቀረውን ዕዳና ዋስ የሆኑልዎትን ሰዎች አብራችሁ ጻፉ። ደመወዝ ሳይኖር ቤቱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር በምን እንደሚያልፍ፣ የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ትምህርትና ጤፉን በየወሩ አስልታችሁ፣ ከማስታወሻው በፊት አብራችሁ ተነጋገሩበት።